ከቤተ ክርስቲያን ዐጸድ እስከ ቀበሌ ትምህርት ቤት፦ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ በኢትዮጵያ

የሀገራችንን ትምህርት ታሪክ የጻፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ከዐዋጅና ከሕንፃ ነው፤ ማን መሠረተው፣ በየትኛው ዓመት ተመረቀ፣ የመሠረቱንስ ድንጋይ ማን አኖረ እያሉ ይተርካሉ። ይህ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ስለ ሕፃናት ትምህርት ቤት በሚነገርበት ጊዜ ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው አንድ ጉዳይ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ ከሕፃኑ ቤት ምን ያህል ይርቅ ነበር የሚለው ነው። ጎልማሳ ለዕውቀት ሲል ሀገር ሊያቋርጥ ይችላል፤ የዜማና የቅኔ ተማሪዎች ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ ከወሎ ጎንደር፣ ከጎንደር ጎጃም ሲመላለሱ ኖረዋልና። የሰባት ዓመት ልጅ ግን ጠዋት ወጥቶ ማታ ከእናቱ ቤት መግባት አለበት። ስለዚህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ፣ ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሰው፣ ትምህርት ከሕፃኑ ደጅ የራቀበትና እንደ ገና ወደ እርሱ ለመቅረብ ብዙ ዘመን የደከመበት ታሪክ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

በጥንቱ ዘመን ይህ ርቀት አጭር ነበር። ደብር ባለበት ካህን አለ፤ ካህን ባለበትም ፊደል የሚያስቆጥር ብዙ ጊዜ አይታጣም። ሊቃውንቱ ንባብ ቤት፣ ሕዝቡም የቄስ ትምህርት ቤት የሚለው ይህ ተቋም ከዜማ ቤት፣ ከቅኔ ቤትና ከመጽሐፍ ቤት በፊት የሚገኝ የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ቤት ይባል እንጂ የራሱ ቤት ያለው ጥቂቱ ነው፤ መምህሩ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከወይራ ወይም ከጽድ ጥላ ሥር፣ ዝናም በሆነ ጊዜ ከደጀ ሰላሙ፣ አለዚያም ከራሳቸው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ልጆቹም ዙሪያቸውን ከበው በድንጋይ ላይ ወይም በባዶ መሬት ላይ ይደረደራሉ። መምህሩን ማንም ሕፃን በስማቸው አይጠራቸውም፤ ለሁሉም የኔታ ናቸው።

ትምህርቱ የሚጀመረው በፊደል ቆጠራ ነው። ሕፃኑ ፊደሉና የዮሐንስ መልእክት መጀመሪያ የተጻፈበትን ገበታ ሐዋርያ በጉልበቱ ላይ አኑሮ፣ በስንጥር እያመለከተ፣ ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ እያለ በዜማ ይወርዳል። ነገር ግን የሕፃን ጆሮ ፈጣን ስለ ሆነ፣ ልጁ ፊደሉን ሳያይ ዜማውን ብቻ ይዞ ሊያልፍ ይችላል። ለዚህም የጥንት መምህራን መድኀኒት አላጡለትም። ፊደሉን በተራው የቆጠረ ልጅ ቀጥሎ ወደ አቡጊዳ ይገባል፤ በዚህ ጊዜ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው፣ ከአንዱም ድምፅ ወደ ሌላው በሰያፍ ስለሚሻገር፣ አስቀድሞ በልማድ የያዘው ዜማ አይረዳውም፤ እያንዳንዷን ፊደል በመልኳ ለይቶ ማወቅ ግድ ይሆንበታል። በዘመናችን የሥነ ትምህርት ዐዋቂዎች በብዙ ጥናት የሚያዘጋጁትን ዐይነት ፈተና፣ ስማቸውን እንኳ ያልተዉልን አባቶች አስቀድመው አሰናድተውት መገኘታቸው እጅግ ያስደንቀኛል።

ከፊደል በኋላ ንባብ ይመጣል። የዮሐንስ መልእክት በመጀመሪያ በቁጥር፣ ማለት ፊደል በፊደል፣ ከዚያም በግዕዝ፣ ቀጥሎ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ይዘለቃል፤ በዚህ በኋለኛው ደረጃ ልጁ ተነሽና ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባለውን ሥርዓት ጠብቆ፣ ድምፁን የት እንደሚያነሣና የት እንደሚጥል ዐውቆ እንዲያነብ ይጠበቅበታል። ወንጌለ ዮሐንስ ይከተላል፤ ከዚያም ዳዊት ይገባል። 150ው መዝሙር፣ የነቢያት ጸሎት፣ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን በተፈጸመ ጊዜ ልጁ ዳዊት ደገመ ይባላል፤ ወላጆቹም ደግሰው ጎረቤቱን ይጠራሉ፣ ለየኔታም እንደ አቅማቸው ልብስ ወይም ሌላ ስጦታ ያቀርባሉ። ብዙው ልጅ ከዚህ ቀን በኋላ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ጥቂቱ ብቻ ወደ ዜማ ወይም ወደ ቅኔ ያልፋል።

በንባብ ቤት አጠገብ የሚያልፍ መንገደኛ መጀመሪያ የሚሰማው ጫጫታ ነው፤ አንዱ ፊደል ይቆጥራል፣ ሌላው መልእክት ያነባል፣ ከወዲያ ያለው ከዳዊቱ እኩሌታ ደርሷል፣ ሁሉም በታላቅ ድምፅ በየራሱ ይጮኻል። የኔታ ጭራቸውን ይዘው ዐይናቸውን ከድነው ተቀምጠዋል፤ ለእንግዳ ሰው እንቅልፍ የወሰዳቸው ይመስላል። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል ግን አንዱ ሕፃን ኃምሱን ሳድስ አድርጎ ያነበበ እንደ ሆነ፣ ራሳቸውን ሳያዞሩ ስሙን ጠርተው ይመልሱታል፤ እስኪያቀናውም ድረስ ያስደግሙታል። ሁሉን በአንድ ጊዜ ማድረስ ስለማይቻላቸውም ከፍ ያለው ልጅ ዝቅ ያለውን ያስጠናዋል፤ ዳዊት የጀመረው አቡጊዳ ላይ ያለውን፣ አቡጊዳ የዘለቀው ፊደል የሚቆጥረውን ይይዛል። ሲመሽም መጽሐፍ ታጥፎ የቃል ትምህርት ይጀመራል፤ በዚያ ሰዓት ብርሃን አያስፈልግም፣ መምህሩ ሲሉ ልጆቹ ይቀበላሉ። እንዲህ ባለው ሥርዓት ሁለት ልጆች በአንድ ቀን ጀምረው አንዱ ከሌላው በዓመት ቢቀድም የሚገርም አልነበረም፤ ክፍል ስላልነበረ ሁሉም በየችሎታው ይራመድ ነበር።

ይህን ያህል ካመሰገንሁ በኋላ ጉድለቱንም መናገር ይገባኛል። ሕፃኑ የሚያነበው የማይሰማውን ግዕዝ ነበር፤ ዳዊቱን አንድ ሳይቀር እየወጣ እየገባ የሚያነብ ልጅ የመዝሙሩን ትርጕም ሳያውቀው ሊያድግ ይችል ነበር። ጽሕፈት የብራና ጸሓፊዎች ጥበብ እንጂ የንባብ ቤት ሥራ ስላልነበረ፣ ማንበብ የሚችለው ሰው ሁሉ መጻፍ አይችልም ነበር። የሒሳብ ትምህርት አልነበረም። ሴቶች ልጆች፣ ከመኳንንቱ ቤት በየቤታቸው ከሚማሩት ጥቂቶች በቀር፣ ከዐጸዱ ውጭ ነበሩ። አለንጋውም እጅግ በረታ፤ ከትምህርት የሸሸ ሕፃን በእግር ብረት ተይዞ የተማረበት ዘመን እንደ ነበረ ከአባቶቻችን ሰምተናል፣ ይህም በምንም ምክንያት ሊመሰገን የማይገባው ነገር ነው።

ከክርስቲያኑ ንባብ ቤት ጎን የእስላሙ የቁርኣን ትምህርት ቤት በሐረር፣ በወሎ፣ በጅማና በሌሎችም አውራጃዎች ለብዙ ዘመናት ኖሯል። በዚያም ሕፃኑ ሎሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን አንቀጽ በቃሉ እስኪይዘው ድረስ ያነባል፤ ከያዘው በኋላ ሰሌዳው ይታጠብና ሌላ አንቀጽ ይጻፍበታል። ቋንቋው ዐረብኛ፣ መምህሩም ሼኽ መሆናቸው ብቻ ካልሆነ በቀር፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበቡ፣ ታላቁ ታናሹን ማስጠናቱ፣ ወላጅም መምህሩን በእህልና በስጦታ መርዳቱ ሁለቱን ቤቶች እጅግ ያቀራርባቸው ነበር። ሁለቱም በሕፃኑ መንደር ውስጥ ነበሩ።

ሕፃኑ በሚሰማው ቋንቋ ማንበብን ለመጀመሪያ ጊዜ በብርቱ ያሰቡት በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ የነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያንና ደቀ መዛሙርታቸው ናቸው። ከባርነት ነጻ ወጥቶ በዚያ የተማረው ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ እንደ እርሱ ከባርነት ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋራ ሆኖ፣ ለኦሮምኛ ተናጋሪ ልጆች የንባብ መጽሐፍ አዘጋጅቶ በ1886 ዓ.ም. ገደማ በዚያው አሳተመ፤ ከዐሥር ዓመት ያህል በኋላም ወደ ወለጋ ተመልሶ በነቀምቴ ማስተማር ጀመረ። ይህ ሥራ በዘመኑ ከታሰበው ይልቅ ታላቅ ነበር። አንዲት በልጅነቷ የተሸጠች ሴት ለሕፃናት የመጀመሪያውን የንባብ መጽሐፍ ስታሰናዳ ማየት ለማንኛውም ሀገር የትምህርት ታሪክ ክብር ነውና፣ የአስቴር ጋኖ ስም በየትምህርት ቤታችን ሊታወቅ ሲገባው እምብዛም ሳይታወቅ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት የተጀመረው በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲሱን ትምህርት ሲያስቡ ከካህናቱ ዘንድ ከፍ ያለ ሥጋት ስለ ገጠማቸው፣ ከአቡነ ማቴዎስ ጋራ በተደረገው ስምምነት መምህራኑ ከግብፅ ቅብጦች መካከል እንዲመጡ ሆነ፤ በ1900 ዓ.ም. ገደማም በንጉሠ ነገሥቱ ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ብዙዎቹ የመኳንንት ልጆች ነበሩ። ትምህርቱ ግዕዝና አማርኛ ቢኖርበትም ዋነኛው ክብደት በፈረንሳይኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በኢጣልያንኛና በዐረብኛ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም መንግሥቱ ከሁሉ አስቀድሞ የፈለገው ከውጭ መንግሥታት ጋራ የሚነጋገሩ አስተርጓሚዎችንና ጸሓፊዎችን ስለ ነበረ ነው። የሕፃኑ ትምህርት ቤት ከዐጸዱ ተነሥቶ ወደ መናገሻው ከተማ የሄደው በዚህ ጊዜ ነው፤ ሀገሪቱ በዚያ ያገኘችው ጥቅም ታላቅ ቢሆንም፣ የገበሬው ልጅ ግን ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዘመን ትምህርት ቤት የሚባለውን ነገር በወሬ ብቻ ይሰማው ነበር።

በሚያዝያ 1917 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በራሳቸው ገንዘብ ያሠሩትን ትምህርት ቤት ከፈቱ። የመጀመሪያው አስተዳዳሪ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነበሩ፤ እኒህ ሰው በልጅነታቸው ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኰንኖች ተወስደው በህንድ ያደጉና በሕክምና የተማሩ፣ ሀገራቸውን ካገኙ በኋላ ግን ዕድሜያቸውን ለእርሷ የሰጡ ናቸው። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የትምህርት ሚኒስቴር ተቋቋመ፤ ብላቴን ጌታ ሣህለ ጸዳሉም ሚኒስትር ሆኑ። በዚያው ዘመን እቴጌ መነን ለሴቶች ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ከዐጸዱ ውጭ የቀረችው ሴት ልጅ በመንግሥት ሥርዓት ውስጥ ስፍራ ያገኘችው ያን ጊዜ ነው። በድሬዳዋ፣ በደሴ፣ በነቀምቴ፣ በጎሬ፣ በጅጅጋና በዐሰበ ተፈሪም ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሆኖም ኢጣልያ ሀገራችንን በወረረችበት ዋዜማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ቁጥር 21 ያህል፣ የተማሪዎቹም 4,200 ገደማ ብቻ ነበር፤ ይህን ያህል ሰፊ ለሆነ ሀገር እነዚህ ቁጥሮች ጅምር እንጂ ሌላ ሊባሉ አይችሉም።

ያም ጅምር ፈረሰ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ሕንፃዎቻቸውም ለወታደርና ለሌላ ሥራ ዋሉ፤ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ በኋላም ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ እየተፈለጉ ተገደሉ። ስለዚህ ነጻነት በተመለሰ ጊዜ መንግሥቱን የቸገረው የሕንፃ እጦት ብቻ አልነበረም፤ ሕፃናቱን የሚያስተምር ሰው አልነበረም። በየአውራጃው በተከፈቱት አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ለመምህርነት የተመረጡት ብዙዎቹ የቤተ ክህነት ትምህርት የነበራቸው ሰዎች ነበሩ፤ የግዕዝና የቅኔ ሊቃውንት አማርኛ አስተማሪዎች ሆነው ከጥቁሩ ሰሌዳ ፊት ቆሙ። ዳዊት የደገመ ልጅ በትምህርት ቤት ሲመዘገብ ብዙ ጊዜ ፊደል ሳይቆጥር ወደ ከፍ ወዳለው ክፍል የሚገባውም ስለዚህ ነበር። ለአንዳንድ ሰዎች አዲሱ ትምህርት ቤት አሮጌውን ገፍቶ የተተካ ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ለመጀመሪያዎቹ 20 ዓመታት በአሮጌው ትከሻ ላይ ቆሞ ነበር እላለሁ።

አስቀድመው አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የተባሉት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስቴርን ሥልጣን ለብዙ ዓመታት በራሳቸው እጅ ይዘው ቆይተዋል፤ ትምህርት ቤት እየዞሩ መጐብኘታቸውና በገና በዓል ለሕፃናት ስጦታ ማደላቸው በዚያ ዘመን ባደጉት ሰዎች ልብ ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። ከዚህ ይልቅ ለገጠሩ ልጅ የጠቀመው ግን በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር ነው ብዬ እገምታለሁ። ግብሩ ከመሬት ላይ፣ ለምና ጠፍ እየተባለ በተመደበው መሠረት የሚከፈል ሆኖ፣ ገንዘቡም በአካባቢው ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል የታሰበ ነበር። ከፋዩ ገበሬ ብዙ ጊዜ ልጁን የሚልክበት ትምህርት ቤት ሳያይ መክፈሉ ግን ፍትሕን የሚጎዳ ነገር ነበረ፤ በየስፍራውም የሀገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ትምህርት ቤት ይሠራልን ብለው ሲያመለክቱ፣ እንጨትና ድንጋይ ሲያዋጡ፣ ጭቃውንም በጉልበታቸው ሲያቦኩ የኖሩት ከዚህ የተነሣ ነው።

የዚያ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአንድ ቀን ውሎ ምን ይመስል ነበር? ደወሉ ብዙ ጊዜ ከዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የብረት ቁራጭ ወይም የአሮጌ መኪና ቸርኬ ነው፤ ዘበኛው ወይም ተረኛው ተማሪ በሌላ ብረት ሲደበድበው ድምፁ ኰረብታውን ተሻግሮ ይሰማል። ሩቅ ያለ ልጅ ይህን ሲሰማ ዳቦ ቆሎውን በኪሱ እንደ ያዘ ይሮጣል፤ የዘገየ ከበር ተንበርክኮ ይጠብቃልና። ተማሪዎች በየክፍላቸው ተሰልፈው ሰንደቅ ዓላማ ይሰቅላሉ፣ መዝሙር ይዘምራሉ፤ ዕለቱም የንጽሕና ቀን ከሆነ መምህሩ በሰልፉ መካከል እያለፉ ጥፍርን፣ ጆሮንና የአንገት ማጠፊያን ይመረምራሉ። ወደ ክፍል ሲገቡ መምህሩን ቆመው ይቀበላሉ። ዴስኩ የሁለት ሰው ሲሆን ሦስት አራት ይቀመጡበታል፤ ዴስክ ባልደረሰበት ስፍራ ግን ድንጋይ ወይም ግንድ ይበቃል። የክፍሉ አለቃ ተብሎ የተመረጠው ልጅ መምህሩ በማይኖሩበት ጊዜ የሚያወራውን ስም በሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ ጠመኔና ዳስተር የመጠበቅ ሥልጣንም የእርሱ ነው። በዕረፍት ሰዓት ወንዶቹ ከጨርቅ የተሠራ ኳስ ይራገጣሉ፣ ሴቶቹ ገመድ ይዘላሉ፣ ሰኞ ማክሰኞ ይጫወታሉ።

ትምህርቶቹ አማርኛ፣ ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ግብረ ገብ፣ የእጅ ሥራና የአትክልት ሥራም ነበሩ። ከንባብ ቤት የወረደው ልማድ በግልጽ የሚታየው በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች ነው፤ መምህሩ ሰሌዳውን በዘንግ እየጠቆሙ ሲሉ፣ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል፤ የማባዣ ሠንጠረዥ እንኳ በዜማ ይጠናል። የከበደ ሚካኤል ታሪክና ምሳሌ በየትምህርት ቤቱ ተነቦ በብዙ ሰው ቃል ውስጥ የቀረው፣ ሕፃናቱ ጮክ ብለው የማንበብና በቃል የመያዝ ልማድ ስለ ነበራቸውም ጭምር ይመስለኛል። በሌላ በኩል ግን ከዝቅተኛዎቹ ክፍሎች በኋላ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ ብዙ ልጅ በመካከል ቀርቷል። እስከ 6ኛ ክፍል ያለው ትምህርት በአማርኛ እንዲሆን የተደረገው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ አማርኛን በቤቱ ለማይናገረው ሕፃን ግን ይህም ቢሆን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አላስጠጋውም።

የዓመቱ ፍጻሜ ሰኔ 30 ነው። ካርድ ይሰጣል፤ የደረጃው ቁጥር ይነበባል፤ አንደኛ የወጣው ልጅ ተጨብጭቦለት ደብተርና እርሳስ ይሸለማል፤ የወደቀው ከወላጁ ፊት እንዴት እንደሚቆም ያስባል። በዓመቱ ውስጥ የተቀያየሙ ልጆችም ቂማቸውን ለዚያ ቀን ቀጥረው ስለሚቆዩ፣ ከበር ወጥተው ከመምህራኑ ዐይን ከራቁ በኋላ ጠቡ ይፈነዳል። በዚህች ቀን የተለያዩ ልጆች እንደ ገና የሚገናኙት ክረምቱ አልፎ፣ መስከረም ጠብቶ፣ አበባው ሲፈነዳ ነው፤ አንዳንዶቹም በክረምቱ እርሻ ውስጥ ይቀሩና ከዚያ ወዲያ አይመለሱም።

በግንቦት 1953 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት የትምህርት ጉባኤ በአዲስ አበባ በተሰበሰበ ጊዜ፣ በ20 ዓመት ገደማ ውስጥ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለሁሉም ሕፃን እንዲዳረስ ታቀደ። አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ግን ከቅኝ ግዛት ገና ከወጡት ሀገሮች ከብዙዎቹ ወደ ኋላ ቀርታ ተገኘች። ይህ ነገር ባለ ሥልጣኖቹን እጅግ አሳሰባቸው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ከስዊድን መንግሥት ጋራ በተደረገ ስምምነት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግንባታ የሚባለው ሥራ ተጀመረ፤ ሕዝቡ ከወጪው ድርሻውን እያዋጣ፣ ጉልበቱንም እየጨመረ፣ ቆርቆሮ የለበሱት ተመሳሳይ ሕንፃዎች በየገጠሩ ተተከሉ። ዛሬም ከመንገድ ርቀው ባሉ ቀበሌዎች የሚገኙ ብዙ ትምህርት ቤቶች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው።

በዚህ ዘመን አንድ ሰው ብቻውን የጀመረውን ሥራ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አስፋው የምሩ ገና ተማሪ ሳለ፣ በጉለሌ በኩል በዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎዳና ላይ የሚያድሩ ሕፃናትን ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ክፍያ አልጠየቀም፤ ሕፃናቱ የሚከፍሉት አልነበራቸውምና። ንጉሠ ነገሥቱ መሬት ሰጥተውት አሠረ ሐዋርያት የሚባለው ትምህርት ቤት ተመሠረተ፤ በዚያም ሕፃን መምታት የተከለከለ ነበር። ያ ሁሉ የትምህርት ዘመን በአለንጋ ሲመራ ከኖረ በኋላ፣ ራሱ ሕፃን ሊባል በሚችል ዕድሜ የነበረ ልጅ ያለ ዱላ ማስተማር እንደሚቻል በሥራ ማሳየቱ፣ ከብዙ ሕንፃ የሚበልጥ ሆኖ ይታየኛል።

በ1964 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት ለብዙኀኑ ሕፃን አራት ዓመት የሚሆን መሠረታዊ ትምህርት እንዲዳረስ አሳቡን አቀረበ። አሳቡ በራሱ መልካም ጎን ነበረው፤ ሆኖም ድኻው በአራት ዓመት ተገትቶ እንዲቀር የታሰበ ነው ተብሎ በመምህራንና በወላጆች ዘንድ ብርቱ ቁጣ አስነሣ፤ በ1966 ዓ.ም. ወደ አብዮቱ ላደረሰው ንቅናቄም አንዱ ምክንያት ሆነ። ከአብዮቱ በኋላ የተማሪው ብዛት በፍጥነት ስለ ጨመረ ግማሹ ጠዋት ግማሹ ከሰዓት በኋላ የሚማርበት ፈረቃ ልማድ ሆኖ ቀረ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ፣ ብዙ ሕፃናት ቀን በክፍል የተማሩትን ማታ ለወላጆቻቸው ሲያስተምሩ ታዩ፤ ዩኔስኮም ስለዚህ ሥራ ሽልማት ሰጠ። ያ ዘመን ብዙ ልጆች በጦርነትና በሽብር ያለቁበትም መሆኑ አይዘነጋም፤ ትምህርት ቤቱም ከዚያ መከራ ድርሻውን ተቀብሏል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ስምንት ዓመት አድርጎ በሁለት እርከን ከፈለው፤ እስከ 10ኛ ክፍል ያለ ክፍያ እንዲሆን ደነገገ፤ ሕፃኑም በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር ፈቀደ። ኦኔሲሞስና አስቴር የጀመሩት ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ የመንግሥት ሥርዓት ሆነ፤ ከ20 በላይ በሆኑ ቋንቋዎች መጻሕፍት ተዘጋጁ። በዝቅተኛዎቹ ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉን ትምህርት እንዲያስተምር መደረጉም ሕፃኑን የሚያውቀው ሰው እንዲኖር ረድቷል። ትምህርት ቤት በየቀበሌው ተስፋፋ፤ ከዋናው ትምህርት ቤት ርቀው ባሉ መንደሮች እስከ 4ኛ ክፍል ብቻ የሚያስተምሩ ታናናሽ ቅርንጫፎች ተከፈቱ። ለሰባት ዓመት ልጅ እግር የሚበቃ መንገድ በአብዛኛው ሀገር የተገኘው በዚህ ጊዜ ነው፤ ምንም እንኳ በቆላውና በአርብቶ አደሩ አካባቢ ዛሬም ብዙ የሚቀር ቢሆን።

ነገር ግን ትምህርት ቤቱ ከቀረበ በኋላ ሌላ ርቀት ተገለጠ። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንደማይችሉ አሳየ። ስለ ምክንያቱ የመጽሐፍ እጥረት፣ የመምህራን ሥልጠና፣ የተማሪ ብዛትና ረኀብ ይጠቀሳሉ፤ ሁሉም እውነት ነው። እኔ ከእነዚህ አብልጬ የማየው ግን ሕፃኑ ሲያነብ የሚሰማው ሰው ማጣቱን ነው። 70 ልጆች ባሉበት ክፍል መምህሩ የ40 ደቂቃውን ክፍለ ጊዜ እንዳለ ለማስነበብ ቢያውለው፣ ለአንዱ ልጅ የሚደርሰው ከግማሽ ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም፤ ስለዚህ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይቀበላል፣ ማንበብ የማይችለው ልጅም ከባልንጀሮቹ ድምፅ ሥር ተሸሽጎ ዓመቱን ይጨርሳል። አባቶች አቡጊዳን ያሰናዱት እንዲህ ያለውን ልጅ ለማግኘት ነበር፤ ታላቁ ልጅ ታናሹን እንዲይዝ ያደረጉትም የአንድ መምህር ጆሮ ለሁሉ እንደማይበቃ ስላወቁ ነው።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግቢ ኦ ክፍል የሚባለው የሕፃናት ክፍል ተከፍቶ፣ ልጆች ከ1ኛ ክፍል በፊት አንድ ዓመት እንዲቆዩ ሆኗል፤ በብዙ ስፍራ ይህ ክፍል ከአጥቢያው የቄስ ትምህርት ቤት ወይም ከመድረሳው አንድ ጥሪ በሚሰማበት ርቀት ላይ ይገኛል፣ አንዳንድ ወላጆችም ልጃቸውን ጠዋት ወደ አንዱ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላው ይልካሉ። በዚህ ክፍል የሚመደቡት መምህራን ለሕፃናት ንባብ ተብለው የሠለጠኑ እንዲሆኑ፣ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎችም በሳምንት ጥቂት ሰዓት ወደዚያ እየገቡ እያንዳንዱን ሕፃን ለብቻው እንዲያስነብቡ ቢደረግ፣ ወጪው ከአንድ ሕንፃ ጣሪያ የሚያንስ ሥራ ነው፤ ርእሰ መምህራንና የወላጅ መምህር ኅብረቶች አዲስ መመሪያ ሳይጠብቁ በሚመጣው መስከረም ሊጀምሩት ይችላሉ።